ቴክኖሎጂ የኢንሹራንስ ምርት ስራን ምን ያህል ያፈጥናል? ከድርቅ ኢንሹራንስ በመነሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢንሹራንስ ቤት የምትሰሩ፣ ፊንቴክ ላይ ያላችሁ፣ በግብርና ፕሮጀክት ወረዳ የምትውሉ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታነሷቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። ምሳሌዎቼ በብዛት ከድርቅ ኢንሹራንስ ናቸው፣ የቦረና ከብት፣ የትግራይና የአማራ ሰብል። ምክንያቱም እኛ ሀገር ቴክኖሎጂ ገብቶበት ከዜሮ የተሰራ የኢንሹራንስ ምርት ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም፣ የሰራውም ያልሰራውም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አዲስ የኢንሹራንስ ምርት ማውጣት ለምንድነው ይሄን ያህል ጊዜ የሚፈጀው?

ስራው ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ስለሚቆም ነው በዋናነት። ዳታ የሚሰበስበው ሰው እስኪጨርስ ዋጋ የሚያሰላው ቁጭ ይላል፣ ዋጋው ሳይወጣ የጠለፋ ዋስትና ሰጪው (ኢንሹራንስ ኩባንያውን ራሱን ኢንሹር የሚያደርገው) አያናግራችሁም፣ እሱ እሺ ሳይል ኢንሹራንስን ለሚቆጣጠረው ብሄራዊ ባንክ የሚቀርበው ሰነድ ሙሉ አይሆንም፣ ከዛ ደግሞ የአይቲ ክፍሉ አዲሱን ፖሊሲ ሲስተም ላይ ለማስገባት ሌላ ወረፋ አለው። በመሀል አንድ የኤክሴል ፋይል በኢሜይል አምስት ሰው ጋር ሲዞር ከርሞ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ እንኳን ይጠፋል።

ድርቅ ላይ ደግሞ አንድ የባሰ ነገር አለ፣ ወቅት። ቦረና ላይ ትልቁ ዝናብ ገንና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ትንሹ ሀገያ ደግሞ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። ኢንሹራንሱ መሸጥ ያለበት ዝናቡ ሳይጀምር ነው፣ ማለትም አንዴ ጥርና የካቲት ላይ አንዴ ነሃሴና መስከረም ላይ። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ከሸጣችሁ ሰማዩን አይቶ "ዘንድሮ አይዘንብም" ያለ ሰው ብቻ ነው የሚገዛው፣ በዛ አካሄድ ደግሞ የትኛውም ኩባንያ አይቆምም። ስለዚህ ስራችሁ አንድ ወር ቢዘገይና መጋቢት ላይ ቢያልቅ ምርቱ የዘገየው አንድ ወር አይደለም፣ እስከ ነሃሴ ትጠብቃላችሁ፣ በዛ መሀል ገንና ቢቀር ያ ሁሉ ቤተሰብ ያለ ሽፋን ነው የሚያሳልፈው። እኔ ስለ ፍጥነት የምጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው፣ ለኩባንያው ትርፍ ብዬ አይደለም።

ኢንዴክስ ኢንሹራንስ ማለት ምንድነው፣ ከተለመደው በምን ይለያል?

በተለመደው ኢንሹራንስ ንብረት ሲጎዳ ገማች ይመጣል፣ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል። መኪና አዲስ አበባ ላይ ሲጋጭ ይሄ ይሰራል። ቦረና ላይ አንድ ሰው ሰባት ከብት ሞቶብኛል ቢል ግን ገማቹ እዛ ለመድረስ የሚያወጣው ነዳጅና አበል ከካሳው ሊበልጥ ይችላል፣ ደግሞም ከብቱ በድርቅ ይሙት በበሽታ ማን ያረጋግጣል።

ኢንዴክስ ኢንሹራንስ የሞተ ከብት አይቆጥርም። በዛ አካባቢ ያለው ግጦሽ ምን ያህል አረንጓዴ ነው የሚለውን ከሳተላይት ይለካል፣ ኤንዲቪአይ ይሉታል፣ ቁጥሩ በውሉ ላይ ከተጻፈው መነሻ በታች ከወረደ በዛ ወረዳ ውል የገቡ ሁሉ ካሳ ያገኛሉ። ሰብል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናብ ነው የሚለካው። ገማች የለም፣ ክርክር የለም፣ ቢያንስ በሀሳብ ደረጃ።

ኢልሪ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ከአጋሮቹ ጋር ይሄን በ2010 (በፈረንጅ፣ ከዚህ በታች በቁጥር የጻፍኳቸው ዓመታትም እንዲሁ) ኬንያ ማርሳቢት ላይ ጀመረው፣ በ2012 ደግሞ ከኦሮሚያ ኢንሹራንስ ጋር ቦረና ላይ ገባ። ሰብል ላይ ከዛ ቀድሞ በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲሃ በምትባል መንደር 200 አባወራ ይዞ ሀሪታ የተባለው ፕሮጀክት ተጀምሮ ነበር፣ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማረት (የትግራይ ረድኤት ማህበር)፣ ንያላ ኢንሹራንስ፣ የጠለፋ ዋስትና ሰጪው ስዊስ ሪ እና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ባለሙያዎች ነበሩበት። በሁለት ዓመት ውስጥ 13,000 አባወራ ደረሰ፣ በኋላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገብቶበት አር ፎር የሚል ስም ይዞ ወደ ሌላ ሀገርም ሄደ።

ሳተላይቱ በትክክል ምኑን ነው የሚያፈጥነው?

ያለፈውን። ብዙ ሰው ሳተላይት ሲባል ዛሬ የሚታየው ፎቶ ይመስለዋል፣ ለምርት ስራ ግን ዋናው ሀብት መዝገቡ ነው። ኢንሹራንስ ዋጋ ለማውጣት "ይሄ ነገር በሃያ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ስንቴ ደረሰ" የሚለውን ማወቅ አለባችሁ። ወረዳው ላይ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ መሀል መሀል የተቋረጠ ከሆነ፣ ዛሬ ጣቢያ ተክላችሁ ሃያ ዓመት ልትጠብቁ ነው?

ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ ዳታ ከ1981 ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አለ፣ ሳተላይቱንና መሬት ላይ ያሉትን ጣቢያዎች አቀላቅሎ የተሰራ ነው፣ በየአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በነጻ ነው የሚወርደው። ለአረንጓዴነት ሞዲስ የሚባለው የናሳ መሳሪያ ከ2000 ጀምሮ የሰበሰበው አለ፣ እሱም በነጻ ነው። ኢንተርኔት ያለው አንድ ጎበዝ ልጅ ያቤሎንም ሰቆጣንም በአንድ ከሰአት አውርዶ ግራፍ ሊያወጣላችሁ ይችላል። በፊት ለአንድ ወረዳ የወረቀት መዝገብ ፍለጋ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ መልሱ ተጠብቆ ነበር።

ኬንያ ላይ በ2009 የተጀመረው ኪሊሞ ሰላማ ገበሬው አካባቢ በሶላር የሚሰሩ አውቶማቲክ የአየር ጣቢያዎች ነበር የሚጠቀመው። ጥሩ ነበር ግን ጣቢያ በሌለበት መሸጥ አይቻልም። ሳተላይት ይሄን አጥር አነሳው፣ አሁን ወረዳ መጨመር ማለት መሳሪያ መትከል ማለት አይደለም፣ ኮዱ ላይ የወረዳዋን ወሰን ማስገባት ነው።

ዋጋው እንዴት ነው የሚወጣው? ቀለል አርጋችሁ አስረዱን

እሺ በምሳሌ፣ ቁጥሩ ለማሳያ የተፈጠረ ነው። የ20 ዓመት ዳታ አላችሁ እንበል። ውሉ ያኔ ቢኖር ኖሮ በየዓመቱ ምን ይከፍል ነበር ብላችሁ ወደኋላ ታስኬዱታላችሁ። አስራ ሰባቱ ዓመት ላይ ምንም አይከፍልም፣ አንዱ ዓመት ሙሉውን 100 ፐርሰንት ይከፍላል፣ አንዱ 40፣ አንዱ 20። ድምሩ 160፣ ለ20 ዓመት ሲካፈል 8 ፐርሰንት። ላሟ 20,000 ብር ተብላ ከተገመተች ንጹህ አረቦኑ (ገዢው ለሽፋኑ የሚከፍለው) 1,600 ብር ነው ማለት ነው፣ በዛ ላይ የኩባንያው ወጪ፣ የጠለፋ ዋስትናውና ለክፉ ቀን የሚያዘው ይጨመራል።

አሁን ገበሬው "1,600 በዛብኝ" ቢል ካሳ የሚጀምርበትን መነሻ ትንሽ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ያ 20 የነበረው ዓመት ዜሮ ይሆናል፣ 40 የነበረው 24 ይሆናል፣ ከባዱ ዓመት 100 እንዳለ ነው። 124 ለ20፣ 6.2 ፐርሰንት፣ 1,240 ብር። ቴክኖሎጂው የሚያፈጥነው ይሄንን ነው፣ ይሄን ማስተካከል በእጅ ለአንድ ወረዳ መስራት ቀን ይፈጃል፣ ስክሪፕት ተጽፎ ከሆነ ግን ለሃያ ወረዳ፣ ለአስር ዓይነት መነሻ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ይወጣል። ከዛ ስብሰባ ላይ "ቢሆንስ" የሚል ጥያቄ ሲነሳ "በሚቀጥለው ሳምንት እንመለሳለን" አትሉም፣ እዛው ታሳያላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ ግን፣ ሃያ ዓመት ማለት ሃያ ቁጥር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ 6.2 ስላለ እውነቱ በትክክል 6.2 ነው ማለት አይደለም። አፍሪካ ቀንድ ላይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቷል፣ ቦረና ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን፣ ከዛ በፊት ባለው ዳታ ብቻ የተሰራ ዋጋ እንዲህ ያለውን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ በየወቅቱ መከለስ ያስፈልጋል፣ አንዴ ተሰርቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ታዲያ ዳታው በነጻ ካለ፣ ስሌቱ በደቂቃ ከወጣ፣ ምርቱን በአንድ ሳምንት ማውጣት አንችልም?

ወረቀት ላይ ትችላላችሁ። ግን እባካችሁ አታድርጉት። ሳተላይቱ የሚያየውና ገበሬው የሚያየው ሁሌ አንድ አይደለም፣ ባለሙያዎች ቤዚስ ሪስክ የሚሉት ማለት ነው፣ በቀላሉ ሰውየው ተጎድቶ ኢንዴክሱ "ምንም የለም" ሲል። ቆላና ደጋ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ባለበት ሀገር አምስት ኪሎ ሜትር በጣም ሰፊ ነው። ቦረና ላይ ደግሞ ሳተላይቱ አረንጓዴ ብሎ የሚቆጥረው ከብት የማይበላው ወራሪ ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው አረቦን ከፍሎ፣ ከብቱ አልቆ፣ "የእናንተ ወረዳ አልደረሰም" ከተባለ ሁለተኛ አይገዛም፣ ጎረቤቱም አይገዛም፣ እሱ ቢቀር ደግሞ ትክክል ነው።

መፍትሄው ሰው ጋር መሄድ ነው። ሽማግሌዎችና ሴቶችን አስቀምጣችሁ "በህይወታችሁ ያያችኋቸውን ክፉ ዓመታት ከከፋው ጀምራችሁ ንገሩን" ትላላችሁ። በእኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱ ይመጣል፣ የዘጠና አራቱ መጨረሻና የዘጠና አምስቱ ይመጣል፣ የሁለት ሺ ሰባቱ ኤልኒኖ ይመጣል፣ ከዛ የእነሱን ዝርዝር ከሳተላይቱ ዝርዝር ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ። ከገጠመ ጥሩ። ካልገጠመ ማን ነው የተሳሳተው ብሎ መሟገት ሳይሆን ለምን ብሎ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላ የክረምቱ ዝናብ ጥሩ ሆኖ ጤፉ ሊያፈራ ሲል ጳጉሜ ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ውሉ መለካት ያለበት የወቅቱን ድምር ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነው። ይሄን ኮምፒውተር አይነግራችሁም፣ አዲሃ ላይ ገበሬዎቹ በዲዛይኑ ውስጥ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ዳታና ስሌት ላይ ያተረፋችሁትን ጊዜ ቀበሌ ላይ አውሉት። ድሮ ለስሌት አራት ወር ሄዶ ለገበሬው ሁለት ቀን ነበር የሚተርፈው፣ አሁን መገልበጥ ይቻላል።

የጠለፋ ዋስትና ሰጪዎችና ብሄራዊ ባንክ ጋርስ ይፈጥናል?

የጠለፋው ጋር አዎ፣ በደንብ። ድርቅ አንድ ሰው ነጥሎ አይመታም፣ ዞኑን በሙሉ ነው፣ ስለዚህ የሀገር ውስጥ ኩባንያ ብቻውን አይሸከመውም፣ ውጭ ያለ ተጋሪ ያስፈልጋል። እነሱ የሚፈሩት ያልታወቀ ዳታ ነው። ቺርፕስን ወይም ሞዲስን ከተጠቀማችሁ ራሳቸው አውርደው ራሳቸው ያሰሉታል፣ የእናንተን ቃል ማመን አይጠበቅባቸውም፣ ውይይቱ ያጥራል።

ብሄራዊ ባንክ ጋር ያለውን ጊዜ ሶፍትዌር አያሳጥረውም፣ ማሳጠር ያለባችሁ የመመላለሱን ቁጥር ነው። የውሉ ቃል፣ የዋጋው አሰራር፣ ወደኋላ የተሞከረው ሰንጠረዥ፣ የጠለፋው ደብዳቤ ሁሉም አንድ ላይ ተሟልቶ ከገባና ቁጥሮቹ እርስ በርስ ካልተጣሉ ነገሩ ቀላል ነው። በውሉ ላይ 15 ያለው አባሪው ላይ 20 ከሆነ ግን ይመለሳል፣ መመለሱም ትክክል ነው። ሰንጠረዡም የውሉ ቃልም ከአንድ ምንጭ ፋይል እንዲወጣ ብታደርጉ ይሄ ስህተት ይጠፋል።

ሽያጩስ? ቴሌብርና ፋይዳ ምን ቀየሩ?

ብዙ። እስቲ ቦረና ውስጥ ዱብሉቅ የከብት ገበያ ላይ ያለ ወኪል አስቡ። ድሮ ባለ ሶስት ኮፒ ካርቦን ደረሰኝ ይዞ ስም፣ ቀበሌ፣ የከብት ብዛት በእጁ ይጽፋል፣ ብር በእጁ ይቀበላል፣ ወረቀቱ ያቤሎ ይደርሳል፣ ከያቤሎ አዲስ አበባ ይመጣል፣ አንዱ ጸሀፊ ኤክሴል ላይ ሲገለብጥ "ጃርሶ" የሚለው በሶስት ዓይነት ይጻፋል፣ ካሳ ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። አሁን ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ላም አንድ ተብላ ትቆጠራለች፣ ግመል 1.4፣ ፍየልና በግ 0.1፣ መተግበሪያው ራሱ ደምሮ የቀበሌውን ዋጋ ያወጣል፣ ሰውየው ደግሞ እዛው የሚከፍለውንም ከባሰ ሊያገኝ የሚችለውንም ያያል።

ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ እኛ ሀገር በ2023 መግባታቸው ብሩ በወኪል እጅ እንዳይዞር አርጎታል። ፋይዳ ያለው ሰው አንድ ቁጥር ስላለው ሁለቴ የመመዝገብ ነገርም ይቀንሳል። ግን ኔትወርክ! መተግበሪያውን ያለ ኔትወርክ እንዲሰራ አርጋችሁ ካልሰራችሁት ገበያው ላይ ጥቅም የለውም፣ መዝግቦ ይዞ ከተማ ሲገባ ራሱ መላክ አለበት። ሌላው ደግሞ ስልኩ የባልየው ሆኖ ፍየሎቹ የሚስትየው የሚሆኑበት ብዙ ቤት አለ፣ ካሳው ማን ስልክ ላይ እንደሚገባ ከመጀመሪያው ጠይቁ፣ ይሄን ዲዛይን ላይ ያላሰበ ሰው ቤት ውስጥ ጸብ ነው የሚያስገባው።

ኤአይ አክቹዋሪውን (የኢንሹራንስ ዋጋ የሚያሰላውን ባለሙያ) ይተካዋል?

አይተካውም፣ ዳታ በሌለበት ኤአይ ዳታ አይወልድም። በቀበሌ ደረጃ የሰብል ምርት መጠን የት አለ? የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ በየዓመቱ የሚያወጣው የሰብል ጥናት ዞን ላይ ነው በደንብ የሚሰራው፣ ከዛ በታች ወርዶ "ይሄ ማሳ ስንት ኩንታል ሰጠ" የሚለውን ሞዴል ለማስተማር መጀመሪያ ሰው ማሳ ላይ ሄዶ አጭዶ መመዘን አለበት።

የሚረዳበት ቦታ ግን አለ። የውሉን የመጀመሪያ ረቂቅ ማዘጋጀት፣ ወደ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ለመተርጎም መነሻ መስጠት (ሰው ሳያየው ግን በፍጹም አይውጣ፣ ካሳ የሚመለከት አንድ ቃል ከተሳሳተ ፍርድ ቤት ነው)፣ የስክሪፕት ኮድ መጻፍ፣ የተመዘገቡ ስሞችን ማጣራት። ህንድ ውስጥ ሀርያናና ፑንጃብ ላይ ገበሬው ስንዴውን ከአንድ ቦታ ሆኖ በየጊዜው በስልኩ ፎቶ እያነሳ ጉዳቱ ከፎቶው እንዲታይ የሚያደርግ ሙከራ ተደርጓል። እኔ ይሄኛው ላይ ተስፋ አለኝ፣ ምክንያቱም ሳተላይቱ የማያየውን በረዶና ውርጭ ያያል።

ሰው ካልገባው ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ማስተማር አይሻልም?

ማስተማር ግዴታ ነው፣ የሚሸጥላችሁ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ቦረና ላይ ተመራማሪዎች ሞክረውታል፣ ለአንዳንዱ በስዕል የተሰራ ታሪክና በድምጽ የተቀዳ ማብራሪያ ሰጡ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን። ስዕሉና ድምጹ እውቀቱን ጨመረ፣ ግዢውን ግን ያን ያህል አልጨመረም፣ ኩፖኑ ግን ጨመረ። ሰው ገብቶትም አቅም ላይኖረው ይችላል። ሀሪታ ላይ ድሃው ገበሬ አረቦኑን በጉልበት ስራ እንዲከፍል የተደረገው ይሄ ታስቦ ነው፣ እርከን ይሰራል፣ ውሃ ማቆሪያ ይሰራል፣ ስራው ራሱ የድርቁን ጉዳት ይቀንስለታል። ይሄን የመሰለ ሀሳብ ከሶፍትዌር አይመጣም።

እምነትም አለ። ሙስሊም አርብቶ አደር አካባቢ ተራውን ኢንሹራንስ ይዛችሁ ብትሄዱ ወለድና ቁማር ነው ብሎ የማይነካው ብዙ ሰው አለ፣ ኬንያ ዋጂር ላይ በተካፉል፣ ማለትም ከሸሪዓ ጋር በሚሄደው የኢንሹራንስ ዓይነት፣ የተሸጠው በዚህ ነው። ሶማሌ ክልል የምትሰሩ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ሸሆቹን አማክሩ፣ ሲስተሙ ካለቀ በኋላ መቀየር ከባድ ነው።

ካሳው በስንት ጊዜ ይደርሳል?

እዚህ ጋር ነው ትልቁ ለውጥ የመጣው። መጀመሪያ ላይ ምርቱ የተሰራው ከብት ከሞተ በኋላ እንዲተካ ነበር። በኋላ "ሳይሞት ለምን አንከፍልም" ተባለ፣ ዝናቡ እንዳለቀ ግጦሹ ደካማ ከሆነ ረጅሙ በጋ ሳይገባ ብሩ ይላካል፣ ሰውየው ድርቆሽ ይገዛል፣ ውሃ ይገዛል፣ መድሃኒት ያስመጣል። የኬንያ መንግስት በ2015 ዋጂርና ቱርካና ላይ የጀመረው ፕሮግራም በዚህ መልክ የተሰራ ነው፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሶማሌ ክልል ላይ የጀመረውም ሀሳቡ ይሄው ነው። አንዲት ላም ሞታ ከመግዛት በህይወት ማቆየት በጣም ይረክሳል።

ሳተላይቱ ንባቡን በየአስር ቀኑ ምናምን ስለሚሰጥ መዘግየት ያለበት ምክንያት የለም። ሲዘገይ የሚዘገየው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ፊርማ ላይ፣ ስም ማጣራት ላይ፣ ከጠለፋው ገንዘቡ እስኪገባ። ስለዚህ ምርቱን ስትሰሩ የካሳ አከፋፈሉን መጨረሻ ላይ አትተዉት። ከሽያጭ በፊት በትንሽ ብር ሞክሩት፣ ሀምሳ ሰው ስልክ ላይ አስር አስር ብር ላኩ፣ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ ቁጥር ተሳስቷል፣ ስንቱ ሲም ተዘግቷል ብላችሁ እዩ።

ትንሽ ቡድን ነን፣ ከየት እንጀምር?

ከአንድ ወረዳና ከአንድ ሰብል ወይም ከአንድ የእንስሳት ዓይነት። የሽያጭ ቀኑን መጀመሪያ ካላንደር ላይ አስቀምጡና ወደኋላ ቁጠሩ፣ ለመኸር ሰብል ከሆነ ሽያጩ ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ዳታ አውራጁ፣ ዋጋ አስሊውና የውሉ ጸሀፊ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ ይቀመጡ፣ የጠለፋውን ሰው ረቂቁ ሳያልቅ አናግሩት፣ ቀበሌ ለመሄድ ደግሞ ዳታው እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ክፉ ዓመታቱን የሚነግሯችሁ ሰዎች ዛሬም እዛው አሉ። የኩባንያውን ዋና ሲስተም ለማስቀየር አትሞክሩ፣ ለመጀመሪያው ወቅት ቀላል የስልክ ፎርምና አንድ ንጹህ ዳታቤዝ ይበቃል። የመጀመሪያው ወቅት ሲያልቅ፣ ካሳ ተከፈለም አልተከፈለም፣ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ሳተላይቱ ያለውንና እነሱ ያዩትን ቁጭ ብላችሁ አነጻጽሩ፣ የሁለተኛው ወቅት ውል ከዛ ነው የሚጻፈው።